ስፌቱ መተርተሩን ለእማማ ማን ይንገራቸው?

ደብዳቤው

«ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፤ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ጎረቤታችን ኩዊልት፣ ማለትም ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ መሃሉ ጥጥ ገብቶበት የሚሰፋ ብርድ ልብስ፣ መስፋት አስተማረችን፤ ዛሬ ከአሥር የማናንስ ሴቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሠፈሩ አዳራሽ እየተሰበሰብን እንሰፋለን። እያንዳንዳችን የግል ሥራችንን ይዘን መጥተን እንተያያለን፣ እንተራረማለን። በጋራ የሰፋነውን ደግሞ ከነልጆቻቸው ቤት ላጡ እናቶች መጠለያ እንሰጣለን። ባለፈው የብርድ ወራት ከሰጠናቸው ኩዊልቶች ሁለቱ ገና በመጀመሪያው እጥበት ስፌታቸው ተተርትሮ የመሃሉ ጥጥ እንደወጣ የመጠለያው ሠራተኛ በትሕትና ነገረችኝ። ሁለቱንም የሰፏቸው እማማ ናቸው። እማማ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሁላችን እናት ሲሆኑ፣ የሚሰፉትም ከአገር ቤት ያመጧቸውን የእናታቸውን ነጠላዎች እየቀደዱ ነው። ነገሩን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በዚህ ላይ አንዲት ወጣት አባላችን ከሐበሻ ቀሚስ ጥለት ተነሥታ ያወጣችውን ንድፍ ሌላዋ ወስዳ በሌላ ቡድን ውስጥ በማስተማሯ ሁለቱ ተኳርፈዋል። ጥቂቶች ደግሞ ‹ለተቸገረ ሰው ድሪቶ ሰፍቶ መስጠት ነውር ነው፤ ገንዘብ አዋጥተን ከሱቅ አዲስ ብርድ ልብስ እንግዛ› ማለት ጀምረዋል። ቡድኑ ሊበተንብኝ ነው። ምን ላድርግ?

አስተባባሪዋ»

መልስ

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤዎ ሦስት ጉዳይ ይዟል፤ ከሦስቱ አንዱ ግን ቀን የሚሰጥ አይደለምና ከእርሱ እጀምራለሁ። ለእማማ ይንገሯቸው። የሚነግሯቸውም እርስዎ ራስዎ ይሁኑ፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ ብቻዎን። እንዲህ የማጣድፍዎት ስለ መጠለያው ብቻ አስቤ አይደለም። እማማ የሚቀድዱት የእናታቸውን ነጠላ ነው፤ የተቀደደ ነጠላ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር እሳቸው በሌላ ነጠላ ላይ መቀስ ያሳርፋሉ፣ ያም ነጠላ አንድ እጥበት በማይችል ሥራ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ነገሩን ከወራት በኋላ ከሌላ ሰው የሰሙት እንደሆነ፣ ከስፌቱ መተርተር ይልቅ የሚያሳዝናቸው እርስዎ እያወቁ ዝም ብለው ማስቆረጥዎ ይሆናል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ደግ ሰዎች የሚመርጡት ሌላ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ሥራውን በስውር ወደ ቤት ወስዶ፣ ሌሊት ፈትቶ እንደገና ሰፍቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጎ ማስረከብ ነው። ይህን እንዲያደርጉ አልመክርዎትም። የእማማ ሥራ የእማማ መሆኑ ይቀርና በስማቸው የሚወጣ የሌላ ሰው ሥራ ይሆናል፤ እሳቸውም ስሕተቱ የት እንደነበር ሳያውቁ ይኖራሉ። ዕድሜ ለጠገበ ሰው የሚሰጠው አክብሮት እውነትን መደበቅን ይጨምራል ብዬ አላምንም። አባቶቻችንና እናቶቻችን እውነቱን ለትልቅ ሰው በምን ቦታና በምን አነጋገር እንደሚነግሩ ያውቁበት ነበር፤ እኛም ልንጠነቀቅ የሚገባን በዚያ ላይ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ግን ስፌቱ ለምን እንደተተረተረ በእርግጠኝነት ማወቅ ይኖርብዎታል። የጻፉልኝን ሳነብ ጥፋቱ የእጃቸው ነው ለማለት አልደፈርኩም። በኩዊልት አሠራር ሁለት ቁራጮች ሲጋጠሙ ከስፌቱ ውጭ የሚተወው ጠርዝ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ልክ የሚሠራው ጥቅጥቅ ብሎ ለተሸመነ የፋብሪካ ጥጥ ጨርቅ ነው። የነጠላ ድርና ማግ ግን ሳሳና ላላ ተደርጎ የተሸመነ ነው፤ ትከሻ ላይ ለስልሶ የሚያርፈውም ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ሸማ በመቀስ ሲቆረጥ ጠርዙ ወዲያውኑ ክር ይመዘዝበታል። በአገር ቤት በእጅ ታሽቶ በጥላ ሲሰጣ የኖረ ነጠላ፣ በመጠለያ ማጠቢያ መኪና ውስጥ ሲላጋና በማድረቂያ መኪና ትኩስ አየር ሲገለባበጥ፣ ከዚያ ከጠባቡ ጠርዝ ክሩ አንድ በአንድ እየተመዘዘ ስፌቱ ጋ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ስፌቱ ሳይበጠስ ጨርቁ ከስፌቱ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል።

ስለዚህ ከሁለቱ ኩዊልቶች አንዱን ከመጠለያው ያስመጡና በብርሃን ይመልከቱት። የስፌቱ ክር መስመሩን ይዞ እንዳለ ሆኖ የጨርቁ ጠርዝ ብቻ እንደ ዘርፍ ተንጨፍርሮ ካገኙት፣ የተሸነፈው ሸማው ነው። ክሩ ራሱ የተበጣጠሰ ከሆነ፣ ወይም መርፌው በወጋበት በአንዱ ቦታና በሚቀጥለው መካከል የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ክፍተት ካለ፣ ችግሩ ከእጅ ወይም ከዓይን ነው ማለት ነው። በሰባ ዓመት ዓይን መድከሙ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ከሸማው የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ሁለቱን ሳይለዩ እንዳይሄዱ። እማማን «ሸማው ነው» ብለው አባብለዋቸው እውነቱ ግን ዓይናቸው ሆኖ ቢገኝ፣ የፋብሪካ ጨርቅ ይዘው ያንኑ ስፌት ይሰፋሉ፤ እርስዎም ሁለተኛ ጊዜ ልትነግሯቸው ትቸገራላችሁ።

ቤታቸው ሲደርሱ ነገሩን በዙሪያ ጥምጥም አይጀምሩት። ሰላምታው እንዳለቀ ያንሡት፤ ቡናው በኋላ ይፈላል። «እማማ፣ ስለ ሁለቱ ኩዊልቶች ልነግርዎት ነው የመጣሁት። መጠለያው ውስጥ በመኪና ሲያጥቧቸው ነጠላው ክሩ እየተመዘዘ ከስፌቱ ወጣ። ይዤው መጥቻለሁና አብረን እንየው» ብለው ኩዊልቱን ጭናቸው ላይ ያድርጉላቸው። ሸማን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲነኩ የኖሩ ሴት ናቸውና ምን እንደሆነ ለማወቅ የእርስዎ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልጋቸው ይሆናል። «ሰዎች እንዲህ አሉ» የሚል ነገር ከአፍዎ አይውጣ። ማን እንደነገረዎት ከጠየቁ ይንገሯቸው፤ ሌላ የሚያውቅ አለ ወይ ካሉ ከእርስዎ በቀር ማንም እንደማያውቅ ያረጋግጡላቸው። ይህ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ለቡድኑ ይነገር ወይስ አይነገር የሚለውን እንዲወስኑ ለእሳቸው ይተዉት።

ሊከፋቸው ይችላል። «እንግዲህ ከእንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ ልጆቹ ይስፉ» ብለው ቅዳሜ የሚቀሩም ከሆነ፣ ያን ዕለት አይከራከሯቸው። በሳምንቱ ተመልሰው ይሂዱ፤ ሲሄዱም የሚያማክሯቸው ሥራ ይዘው ይሂዱ። የሚያማክሩት ደግሞ የይስሙላ እንዳይሆን። በኩዊልት ሥራ በእጅ ከተሠራ የሚያምረውና የሚጠነክረው ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው ዙሪያውን የሚከብበው ጥብጣብ ከጀርባ በኩል ተሰውሮ የሚያዝበት ስፌት ነው። ሁለተኛው ሦስቱ ድርብርብ፣ ማለትም ላይኛው ፊት፣ የመሃሉ ጥጥና ገበሩ፣ በወፍራም ክር በየቦታው ተወግቶ የሚቋጠርበት ሥራ ነው። ቋጠሮው በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቢሆን ጥጡ በእጥበት አይሰበሰብም። ለዚህ ሥራ ዓይን ብዙ አይደክምም፤ የሚፈልገው የለመደ ጣት ነው፤ ወጣቶቹም ከእሳቸው ቢማሩት ይጠቀማሉ።

ስለ ነጠላዎቹ ያለኝን ግልጽ ሐሳብ ልንገርዎት። የእናታቸው ነጠላ ወደ መጠለያ መሄድ የለበትም። ነጠላው ያንስበታል ማለቴ አይደለም፤ መጠለያ ውስጥ የሚኖር ብርድ ልብስ በየጊዜው በማጠቢያ መኪና ይታጠባል፣ ነጠላው ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። የነጠላው ቦታ የልጅ ልጆቻቸው ቤት ነው። ለዚያ ሲሰፋም እንዲበረክት ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ ሸማው ለብ ባለ ውኃ በእጅ ይታጠብና ይጨመቅ፤ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጥለት ካለው ጥለቱን አርጥቦ በነጭ ጨርቅ ጫን ብሎ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ሳይቆረጥ በፊት ከጀርባው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ይለጠፍበት፤ ይህ የሚመዘዘውን ክር ይይዘዋል። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ጥለት ግን የካውያ ሙቀት ስለማይወድ በላዩ ጨርቅ ጣል ማድረግ ይገባል። የስፌቱ ጠርዝም ከ6 ሚሊ ሜትር ወደ 12 ከፍ ይበል። ከሁሉ የምመርጠው ግን ነጠላውን ከነጭራሹ አለመቆራረጥ ነው። ጥለቱን ብቻ በረዥሙ ወስዶ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ በጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ላይ ደርቦ ቢሰፉት፣ ሸክሙን የሚችለው የታችኛው ጨርቅ ይሆንና ጥለቱ ፊት ለፊት እንዳማረበት ይኖራል።

አሁን ወደ ድሪቶው ክርክር ልምጣ። እንዲህ ያሉትን አባሎችዎን «አልገባቸውም» ብለው አይለፏቸው፤ የሚያሳስባቸው የተቀባዩ ክብር ነውና። በአገራችን እራፊ ተጥፎበት የሚለበስ ልብስ የችግር ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ያን ያየ ሰው ለተቸገረች እናት እራፊ ሲሰጥ ማየት ቢቀፈው አይፈረድበትም። መጠለያው ውስጥ ከኛው አገር የመጣች እናት ብትኖር እንዲሁ ሊሰማት ይችላል። ገንዘቡንም በተመለከተ የሚሉት አብዛኛው እውነት ነው። ለአንድ ሰው አልጋ የሚሆን 60 በ80 ኢንች፣ ማለትም 152 በ203 ሴንቲ ሜትር ያህል ኩዊልት፣ ለገበሩ ብቻ ከ4 እስከ 5 ያርድ ጨርቅ ይፈጃል። ለላይኛው ፊትና ለመሃሉ የሚወጣው ሲደመርበት፣ በብዙ ሱቅ ከሚሸጥ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይበልጣል። ዓላማችሁ ሙቀት ማዳረስ ብቻ ከሆነ በዚያው ገንዘብ ብዙ ሰው ይለብሳል። ይህን በግልጽ አምናችሁ ካልተነሣችሁ ክርክሩ አያልቅም።

ኩዊልት የምትሰፉበት ምክንያት ሌላ መሆን አለበት፤ እኔም ሌላ ምክንያት አለ ብዬ አምናለሁ። ይህን ጥበብ ያስተማረቻችሁ ጎረቤታችሁ ከየት እንደወረሰችው ብትጠይቋት ጥሩ ነው። በአላባማ ግዛት፣ በአንድ የወንዝ እጥፋት ውስጥ ያለች ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የዚያች መንደር ጥቁር ሴቶች፣ የባሪያ ፍንገላ ዘመን ትውልድ ልጆች፣ ነፋስ በሚያስገቡ ቤቶች ውስጥ ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን ያረጀ የሥራ ሱሪና ቀሚስ እየቀደዱ ኩዊልት ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያው አውራጃ ያሉ ሴቶች ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተው ኩዊልት እየሸጡ ገቢ ማግኘት ጀመሩ። በ2002 የጊስ ቤንድ ኩዊልቶች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ምስላቸውን በቴምብር አወጣው። በዚህ አገር ሰው ዘንድ በቁራጭ የተገጣጠመ ኩዊልት የቤተሰብ ቅርስ ነው፤ ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለሚለይ ወዳጅ የሚሰጥ ነገር ነው። በእናንተው ሜሪላንድ፣ በባልቲሞር፣ በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ ብዙ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቁራጭ ሰፍተው፣ ስማቸውን በቀለም ጽፈውበት፣ ገጣጥመው በስጦታ የሚያበረክቷቸው ኩዊልቶች ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ሙዚየሞች የሚሳሱላቸው ናቸው።

ይህን የምጽፍልዎት ተከራካሪዎችን አፍ እንዲያስይዙበት አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ስለ ተቀባይዋ ያወራሉ፤ ተቀባይዋን የጠየቀ ግን የለም። በደብዳቤዎ ውስጥ ያጣሁት ይህን ነው። መጠለያው ምን ያህል አልጋ እንዳለው፣ አልጋው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ በምን ዓይነት መኪና እንደሚታጠብ፣ ልጆቹ በስንት ዕድሜ ላይ እንዳሉ የሚገልጽ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። የእማማ ስፌትም የተተረተረው፣ የድሪቶው ክርክርም የተነሣው፣ ሰፊዎቹ እርስ በርስ ብቻ እየተያዩ ስለሰፉ ይመስለኛል። የግል ሥራችሁን ስትተያዩ የእናንተ ዓይን ይበቃል። ለሌላ ሰው የሚሰጠው ግን መለኪያው ከአዳራሹ ውጭ ነው።

ስለዚህ ከአንድ ተከራካሪ አባልዎ ጋር ሆነው ወደ መጠለያው ይሂዱ፤ ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ድሪቶ ነው ካሉት ከአንዷ ጋር። ኃላፊዋን ጠይቁ፤ ፈቃድ ካላት ከሚኖሩት እናቶችም ከአንዷ ከሁለቷ ጋር እንድታገናኛችሁ ለምኑ። እናቶቹ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይሻለናል ካሉ ስሟቸው፤ ገንዘቡን ለዚያ አዋጡ፣ ኩዊልቱን ለሌላ ቦታ ስፉ። ከምትጠይቋቸው ሁሉ ዋናው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ እናቲቱ መጠለያውን ለቅቃ ስትወጣ ኩዊልቱን ይዛው ትሄዳለች ወይ? ይዛው የማትሄድ ከሆነ የምትሰፉት ለመጠለያው አልጋ ነው፤ ያን ጊዜ ብርቱ፣ ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ቢሆን ይበቃል። ይዛው የምትሄድ ከሆነ ግን ለእርሷና ለልጇ የራሳቸው የሆነ ነገር እየሰጣችሁ ነው፤ ልጁ ከመጠለያ ወደ ዘመድ ቤት፣ ከዘመድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዘዋወር አብሮት የሚዞር። የፋብሪካው ብርድ ልብስ የማይተካው እዚህ ላይ ነውና ድካማችሁን እዚህ ላይ አውሉት።

ልምድ ያላቸው ድርጅቶችም እንዲሁ ከተቀባዩ ይጀምራሉ። በ1945 የተቋቋመው ሉተራን ወርልድ ሪሊፍ፣ በአብያተ ክርስቲያናት ያሉ ሴቶች የሚሰፉትን ኩዊልት በየአገሩ ለተፈናቀሉ ሰዎች ሲያደርስ፣ ልኩን ከላይ የጠቀስኩትን 60 በ80 ኢንች አድርጎ አስቀምጧል። በ1995 የተጀመረው ፕሮጀክት ላይነስ ደግሞ ለታመሙና ለተጎዱ ልጆች የሚቀበለው አዲስ፣ በእጅ የተሠራና የሚታጠብ ብርድ ልብስ ነው። እናንተም ለስጦታ የሚሆነውን ከግል ሥራችሁ ለዩት። የስጦታው ጨርቅ አዲስና ጥቅጥቅ ያለ ጥጥ ይሁን፤ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ የሲጋራና የሽቶ ሽታ፣ የድመትና የውሻ ጠጉር አይንካው። ተቀባዩ የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ ካላወቃችሁ የመስቀል ንድፍ አይኑርበት፤ ለራሳችሁና ለዘመድ ስትሰፉ ደግሞ እንደ ልባችሁ። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ልቅ ብርድ ልብስ መኖር እንደሌለበት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ይመክራል፤ ስለዚህ ለጨቅላ የምትሰፉት ወለል ላይ ተነጥፎ የሚጫወትበት መሆኑን ለእናቲቱ ንገሯት፣ አዝራርና ዶቃም አታድርጉበት። አዲስ የጨርቅና የጥጥ ዓይነት ስትሞክሩ ደግሞ የአንድ ክንድ ግማሽ የሚያህል ናሙና ሰፍታችሁ፣ በሙቅ ውኃ አጥባችሁ፣ በማድረቂያ መኪና ደጋግማችሁ አድርቁት። ያን ያልቻለ ወደ መጠለያ አይሂድ። ይህ ደንብ ለሁሉም እኩል ከሆነ በማንም ላይ የተነጣጠረ አይመስልም፤ እማማም ከሌላው ሰው ጋር አንድ ላይ ይታያሉ።

ከወጪው ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። መጠለያው በሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ፣ ለጨርቅና ለጥጥ ያወጣችሁትን ደረሰኝ አስቀምጡ። ተቀናሾቻቸውን ዘርዝረው ግብር የሚያሳውቁ አባሎች ይህን ወጪ በስጦታነት ማስያዝ ይችላሉ፤ የደከሙበት ጊዜ ግን በገንዘብ ተተምኖ አይያዝላቸውም።

የሁለቱን ኩርፊያ በተመለከተ በደብዳቤዎ ያለው ጥቂት ስለሆነ ፈራጅ መሆን አልፈልግም። ነገር ግን ነገሩን ለሁለት ከፍላችሁ ብታዩት ይቀልላችኋል። ጥለት የሸማኔዎቻችን ነው፤ ዘጠኝ አራት ማዕዘን ተገጣጥሞ የሚሠራው ወይም ጠባብ ጨርቅ ዙሪያውን እየዞረ የሚሄድበት የጥንት የኩዊልት ቅርጽም የማንም የግል ንብረት አይደለም። ወጣቷ ግን ከጥለቱ ተነሥታ ስንት ቁራጭ በምን ልክ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚሰፋ ያወጣችውና በወረቀት ያሰፈረችው የራሷ የልፋት ውጤት ነው። ሌላዋም አባላችሁ ያደረገችው ያየችውን መልካም ነገር ለሌሎች ማካፈል ነው፤ በክፋት ያደረገችው አይመስለኝም። ያጎደለችው መጠየቅንና ስም መጥራትን ነው።

ስም መጥራት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐሪየት ፓወርስ በ1837 በጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለደች ሴት ነበረች። ነፃ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች በጨርቅ ላይ ቆርጣ የለጠፈችበትን ኩዊልት በ1886 በአቴንስ ከተማ የጥጥ ባዛር ላይ አሳየች። አንዲት የሥዕል መምህርት ኩዊልቱን ልትገዛ ጠይቃት ሐሪየት አልሸጥም አለች፤ ከዓመታት በኋላ ቤተሰቧ ሲቸገር ግን በ5 ዶላር ሸጠችላት። ገዢዋ ሴት ሐሪየት ስለ እያንዳንዱ ሥዕል የነገረቻትን ሁሉ ጽፋ አስቀመጠች። ኩዊልቱ ዛሬ ከእናንተ ሠፈር ብዙ በማይርቀው፣ በዋሽንግተን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ነው። በዚያ ዘመን የሰፉ ስንት ሴቶች ስማቸው ሳይታወቅ ቀርቷል፤ የሐሪየት ስምና ሐሳብ ከሥራዋ ጋር ተያይዞ የቆየው ሰምታ የጻፈች ሴት ስለነበረች ነው።

እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ይህን ብትስማሙ በቂ ነው፦ አንዲት አባል ያወጣችው ንድፍ ከቡድኑ ውጭ ከመሰጠቱ በፊት ባለቤቷ ትጠየቅ፣ ሲሰጥም ስሟ ወረቀቱ ላይ ይኑር፣ በእርሱ ገንዘብ የሚገኝ ከሆነ ድርሻ ይኑራት። ከሱቅ የተገዛ የንድፍ መጽሐፍም በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ለአባላት መታደል የለበትም፤ ያም የሌላ ሰው ልፋት ነው። ይህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ንድፉን ያስተማረችው አባል ደግሞ ወደዚያው ቡድን ተመልሳ «ይህን ያወጣችው እገሊት ናት» ብትል፣ ከይቅርታው ይልቅ ያ ቃል ወጣቷን ያስታርቃታል ብዬ አምናለሁ። ሌላ ቅሬታ ከሥሩ ካለ በሽማግሌ እንጂ በደብዳቤ አይፈታም።

የቀረው የሁለቱ የተተረተሩ ኩዊልቶች ነገር ነው። አንዱን ለማየት ሲያስመጡ ሁለተኛውንም መልሰው ይውሰዱ፤ ለመጠለያውም በምትካቸው ሌላ እንደሚያመጡ ቀን ቆርጠው ይንገሩ፤ የብርድ ወራት ሲገባ አልጋው ባዶ እንዳይሆን። እማማ ፈቃዳቸው ከሆነ ሁለቱን ከእሳቸው ጋር ሆናችሁ ፍቱና ጥለቶቹን አድኗቸው። ያልተጎዳው ገበርና ጥጥ በአዲስ ፊት እንደገና ይሰፋል፤ ነጠላው ደግሞ ለልጅ ልጆቻቸው ይቀመጥ። አዲሶቹ ሲያልቁ ከጀርባቸው ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ስፉባቸው፤ በማይለቅ ቀለም በምን ዓይነት ውኃ እንደሚታጠቡና በምን ሙቀት እንደሚደርቁ በእንግሊዝኛም፣ በስፓኒሽም፣ በአማርኛም ጻፉባት፤ ሰፊዎቹ ከፈቀዱ ስማቸውንም ጨምሩበት፣ እማማ ጥብጣቡን የያዙት ከሆነ የእሳቸውም ይግባ።

አክባሪዎ፣
የዓምዱ አዘጋጅ